ጨው ጎድሎታል ያልኩበት እራት

እናቴ ዛሬ ጠዋት አናገረችኝ። ለሌላ ሰው ይህ ዜና አይደለም። ለእኔ ግን ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ የመጣ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ልገዛ እዚህ ኡጋንዳ ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ካምዎክያ ገበያ ስወርድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ ያመመኝ ሳይመስላት አልቀረም፣ ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አንድ ራስ መርቃልኝ በሐዘኔታ ሸኘችኝ። እማዬ ያለችኝን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ። አሁኑኑ ብነግራችሁ ግን ይህ ደግሞ ምኑ ያስደስታል ትሉኛላችሁ፣ ምክንያቱም ያለችኝ ነገር ደግ አይደለም። ስለዚህ ከዝምታው ልጀምር። ዝምታውን ያመጣብኝ ደግሞ ኦቭን ነው።

ሰሞኑን ዕቁባችን ወጣልን። እማዬ ፍሪጅ ይሻላል አለች፣ እኔ ኦቭን አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷ ስለሚበላሸው ወተት ስታነሳ እኔ ስለ ዳቦ፣ እሷ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ስታወራ እኔ ስለ ኬክ ሳወራ ቆይተን በመጨረሻ ሰለቻትና ተወችልኝ። ኦቭኑ እሑድ ከሰዓት ከኪሰንዪ መጣ። በመኪና እንዳይመስላችሁ፣ በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ነው። ነጂው የነዳጅ ታንኩ ላይ ተለጥፎ፣ ኦቭኑ ከኋላው በጎማ ገመድ ተጠፍሮ፣ ሞተሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር በሩ አፉን እየከፈተና እየዘጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ገባ። ያገለገለ ነው። ድሮ ነጭ ነበር ይባላል። የሙቀቱ ቁጥር ከመዞሪያው ላይ ተፍቆ ስለጠፋ ስንት ላይ እንዳለ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ግን ይሠራል። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲቀጣጠል ተንበርክኬ በመስታወቱ ሳየው እማዬ ከኋላዬ ቆማ «ስገጂለታ» አለችኝ። የመጨረሻው ቀልዷ እሱ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ነው። እማዬ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት የምትመለሰው እግሯን እየጎተተች ስለሆነ፣ ለሥራ ቀን እራት የሚሆን ቀላል ነገር ልሥራ ብዬ አሰብኩ፤ ሶሴጅ ከአትክልት ጋር በኦቭን። አሠራሩን ለማታውቁት፣ ድንችና ካሮት በጣት ውፍረት ትቆርጣላችሁ፣ ቀይ ሽንኩርቱን ለአራት ትከፍላላችሁ፣ ትልልቁን ጣፋጭ ቃሪያ ደግሞ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ትከትፋላችሁ። ለብቻው ቲማቲም ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ስልስ ይሠራል። አትክልቱ ትሪው ላይ ይዘረጋል፣ ስልሱ ከላዩ ይፈስሳል፣ ሶሴጁ በሹካ ወጋ ወጋ ተደርጎ ይደረደርበታል፣ የጥብስ ቅጠል ይበተንበታል፣ ወደ ኦቭን። መሀል ላይ አንዴ ማገላበጥ ነው። ድንቹ በቢላዋ ሲነካ እምቢ ካላለ ደርሷል። ሶሴጁ የበሬ ይሁን፣ እኛ ቤት ሌላውን አናስገባም። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ስልሱ ላይ ጨው አትድፈሩ። ሶሴጅ የራሱን ጨው ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስቡ ሲቀልጥ ጨውን ይዞ ወደ ድንቹ ይወርዳል። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረኝም። የተማርኩት እናቴ ላይ ነው።

ስቡ መንጠባጠብ ሲጀምርና የጥብስ ቅጠሉ ጫፉ ሲያር የሚሰጠውን ያንን መራራ መዓዛ ሲለቅ፣ ከአንድ ክፍል ቤታችን ሳልወጣ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነውና «በእኛ ጊዜ» ማለት እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ግን እኔም ጊዜ ነበረኝ። በእኛ ጊዜ ሮሌክስ፣ ሰዓቱን ሳይሆን በቂጣ የሚጠቀለለውን እንቁላል ማለቴ ነው፣ አንድ ሺህ ሽልንግ ነበር፤ ሁለት እንቁላል ያለው፣ ቲማቲሙ ከተጠቀለለው ቻፓቲ ጫፍ ክርን ድረስ የሚንጠባጠብ። የዛሬው ቻፓቲ ወረቀት ነው፣ እንቁላሉን ፈልጎ ላገኘ ሽልማት ይገባዋል። ከገበያው በላይ፣ መንገዱ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ኮሎሎ ሽቅብ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ አንድ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ በዓለም ላይ ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ይመስል ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ፣ ትታው ስለሄደች ሴት የሚያለቅስ ሰው የሉጋንዳ ዘፈን ያስጮኸው ነበር። ትርጉሙን ሳላውቅ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወይን ጠጅ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ያን ጊዜ ሁላችንም የምናደርገውን፣ ፀሐይ ሲያገኘው እግር የሚቀቅለውን ግልጽ የፕላስቲክ ጫማ አድርጌ፣ ያንን ዘፈን እያንጎራጎርኩ ዳገቱን እወጣ ነበር። ታች ገበያው ይንጫጫል፣ ላይ የሚሰማው የሣር ማጨጃ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። ታች ግን ስሜ ሜሮን ነበር፣ ላይ «የሠራተኛዋ ልጅ»።

ላይ ያለው ቤት የእትዬ ራሔል ነው። በአፌ ሁለት ዓመት አንቱ ብያታለሁ። እዚህ ግን ብዕሩ የእኔ ስለሆነ «እሷ» እላታለሁ፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ባሏ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደህና ቦታ ነበረው። እናቴን ያገኘቻት ለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኞቹ እያለቀሱ እሷ ሽሮውን ቀምሳ ማን ነው የሠራው ብላ ጠየቀች፣ በሳምንቱ እማዬ የእሷ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። እማዬ ከአገር ስትወጣ ይዛ የወጣችው እኔንና እጇን ነው። እጇን ስል ሙያዋን ማለቴ ነው። የኢትዮጵያ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ በስሟ «የእታገኝ እጅ» የሚባል ነገር ነበር። ከግቢው ጀርባ ለሠራተኛ የተሠራች አንዲት ክፍል ተሰጠችን፣ የትምህርት ቤቴንም እነሱ ይከፍሉልኝ ነበር። እንግዲህ እማዬ ሥራዋን ብታጣ፣ ክፍሏም ትምህርት ቤቴም በአንድ ቀን አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር።

የእትዬ ራሔል ትልቁ ሙያ ሽርጥ መልበስ ነው። እንግዳ በሚመጣበት ቀን እማዬ ከሰባት ሰዓት ጀምራ ስትልጥ፣ ስትከትፍ፣ ስታጥብ ትውላለች። የበሩ ደወል ሊጮህ ሲል እትዬ ራሔል ከመኝታ ቤት ትወጣና በልብስ መተኮሻ የተተኮሰውን ሽርጥ ታጠልቃለች፣ ከዱቄቱ ዕቃ በጣቶቿ ቆንጥራ ጉንጯ ላይ ነካ ታደርጋለች፣ ፀጉሯን ትንሽ ትበትናለች። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ ምንም አልደከምኩም፣ ለሥራ ቀን የሚሆን ቀላል ነገር ነው ያዘጋጀሁት ትላለች። እውነቷን ነው፣ አልደከመችም። እንግዶቹ ሲያደንቋት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስትሽኮረመም አይቼ፣ ከበር ጀርባ አስመስዬ እማዬን አስቃት ነበር። እማዬ በእጇ መዳፍ አፏን አፍና ትስቅና ወዲያው፣ ዝም በይ፣ እንጀራችን ነች ትለኛለች።

እነሱ አይጾሙም፣ እናቴ ትጾማለች። ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሥጋና ቅቤ እየሠሩ አንዲት ጠብታ አለመቅመስ። ያለ ጨው ቅምሻ ደግሞ ወጥ የሚሠራ ሰው የለም። ስለዚህ እማዬ በሁዳዴ የምትቀምሰው በእኔ ምላስ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር እኔም መጾም ነበረብኝ። እሷ ግን ማንኪያውን እፍ እፍ ብላ አብርዳ ወደ አፌ ስታስጠጋው ሁልጊዜ ቀስ ብላ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ትል ነበር። ከዚያ «ጨው?» ትለኛለች። ልክ ነው ካልኩ እጇን ትሰበስባለች፣ ጎድሎታል ካልኩ ትጨምራለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ አፍ በወጣ ቃል አንድ ነገር ሲሆን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የእትዬ ራሔል ባል አለቃ ከሚስቱ ጋር እራት ሊመጣ ሆነ። ሁለቱም ኡጋንዳውያን ናቸው። የባሏ የሥራ ውል የሚታደስበት ሰሞን ስለነበረ እትዬ ራሔል ከጠዋት ጀምራ መሬት አልረገጠችም። ስልኳ ላይ ያየችውን የሶሴጅና የአትክልት የኦቭን ምግብ እንድትሠራ እማዬን አዘዘቻት፤ ያልተለፋበት እንዲመስል፣ ግን እንዲያምር። እኔን ደግሞ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ የሚቆም ካርድ እንድጽፍ ጠራችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። የምግቡን ስም በእንግሊዝኛ ከላይ ጻፍኩና ከሥሩ፣ ያዘጋጀችው እታገኝ ብዬ ጨመርኩ። ተንኮል አልነበረኝም። እውነት መስሎኝ ነው።

እትዬ ራሔል አነበበችው። አልተቆጣችም፣ ሳቀች። ካርዱን ለሁለት ቀደደችው፣ ሁለቱን ገጥማ ለአራት። «ድስት የሚያማስል ሰው ስሙ አይጻፍም» አለችኝ፣ ልክ ትምህርት እንደምታስተምረኝ። ከዚያ አዲስ ካርድ ሰጥታ፣ በራሔል እጅ የተዘጋጀ ብዬ እንድጽፍ አደረገችኝ፣ ጎኑ ላይም ልብ እንድስልበት። ሣልኩ። ቀይ አድርጊው አለችኝ፣ ቀይ አደረግሁት። አራቱን ቁራጭ ወደ ወጥ ቤት ይዛ ሄዳ እማዬ እጅ ላይ አስቀመጠቻቸውና እንድትጥላቸው ነገረቻት። እማዬ የእንግሊዝኛ ፊደል ትለያለች፣ ስሟን ታውቀዋለች። አየችው፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፣ ካሮት መላጧን ቀጠለች። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ከእትዬ ራሔል ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው፤ ካሮት መላጧን መቀጠሏ።

ስልሱ ሲደርስ እማዬ ማንኪያዋን ይዛ ጠራችኝ። እፍ አለችበት፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አለች፣ አቀመሰችኝ። ልክ ነበር። ልክ ብቻ ሳይሆን፣ እስከ ዛሬ አፌ ላይ ያለ ጣዕም ነው።

«ጨው?»

«ጎድሎታል» አልኳት።

ቆንጥራ ጨመረች፣ አማስላ አቀመሰችኝ። ገና ነው አልኳት። ቆም አለች። ሶሴጁ እኮ የራሱ ጨው አለው፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ደግማ ጨመረችና በሦስተኛው፣ አፌን በውኃ ተጉመጥምጬ እንድቀምስ አደረገችኝ። ተጉመጠመጥኩ፣ ቀመስኩ፣ ጨዉ ምላሴን ፈጀኝ። ፊቴን ሳላጨማድድ «ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት። እናቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ ከዚያ በእኔ ቃል ሦስተኛውን ጨው ጨመረች።

ስሌቴ በጣም ግልጽ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው፣ ልቡም የእሷ ነው፣ እንግዲህ ውርደቱም የእሷ ይሁን። በበሩ ክፍተት ልታይ ቆሜ ከደስታዬ የተነሳ ጥፍሬን እበላ ነበር። እንዲህ ዓይነት ደስታ ኖሮኝ አያውቅም፣ ዛሬ ካለኝ በስተቀር።

አለቃው መጀመሪያ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ፣ ውኃውን አነሳና እስከ መጨረሻው ጠጣው። ሚስቱ ደማቅ የኪተንጌ ጨርቅ ቀሚስ የለበሰች፣ ወፈር ያለች፣ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ የሆነ ሴት ነበረች። የጎረሰችውን ቀስ ብላ ዋጠችና ካርዱን አንስታ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል አለች። ሌላ የሚመሰገን ነገር አጥታ እንደሆነ ገባኝ። የእትዬ ራሔል ባል ሹካውን አስቀመጠ። እሷም ቀመሰች። ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት ብቻ ቀርቶ ደሟ ሲሄድ አየሁ፣ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ሳቀች። ካርዱን ከእንግዳዋ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። በእንግሊዝኛ፣ ዛሬ ጉዳይ ይዞኝ ስለዋለ ለወጥ ቤት ሠራተኛዬ ትቼላት ነበር፣ ምን ይደረግ አለች።

ያ ሁሉ ስሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ። ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ኖሬ፣ ሲጣፍጥ የራሔል፣ ሲበላሽ የእታገኝ እንደሚሆን አለማወቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እትዬ ራሔል ድምጿን ማር አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች፣ በአማርኛ።

«እታገኝ፣ ነይ እስቲ ይህን ቅመሺው።»

እማዬ እጇን በፎጣ እየጠረገች በአጠገቤ አልፋ ገባች። «እትዬ፣ ጾም ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ። ቅመሺው።»

እንግዶቹ አማርኛ አይሰሙም። ያዩት እመቤቲቱ ፈገግ ብላ ሠራተኛዋን ወደ ማዕድ ስትጠራት ነው። የአለቃው ሚስት፣ ደጓ ሴትዮ፣ በዚህ ልቧ ተነካ። ተነስታ ወንበር ሳበች፣ እናቴን ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት፣ ንጹሕ ሳህን አንስታ በገዛ እጇ ከመሃሉ እየዛቀች ቆለለችላት፤ ሁለት ሶሴጅ፣ ድንች፣ ስልስ፣ እንደገና ስልስ። ቀኑን ሙሉ የደከምሽው አንቺ ነሽ፣ ብይ ትላታለች። እናቴ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወደ እትዬ ራሔል አየች። እትዬ ራሔል አገጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ፈገግ እንዳለች ትጠብቃለች። ሰው በእጁ ያነሳልህን መመለስ በእማዬ ዘንድ ነውር ነው፣ ለዚያውም የሰው አገር እንግዳ። በላች። እያንዳንዱን ጉርሻ ሴትዮዋ ጀርባዋን እያሻሸች፣ እመቤቷ እየቆጠረች፣ ሁሉንም በላች። ለእሷ ብርጭቆ አልቀረበም ነበርና ውኃ አልጠጣችም። ስትጨርስ በእንግሊዝኛ አመሰገነች፣ ሳህኑን ይዛ ወጣች። እኔ በር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ውኃ ስጪኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ እጇን ገልብጣ መዳፏን እያየች፣ በሦስተኛው ላይ አምልጦኝ ይሆናል አለች፣ ለራሷ።

እኔን መጠርጠር በሐሳቧ አልመጣም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር።

በማግስቱ እትዬ ራሔል እስከ ቅዳሜ ክፍሉን እንድንለቅ ነገረቻት። ምክንያቷ አጭር ነበር፤ «እታገኝ፣ እጅሽ ሄዷል።» እማዬ ይህችን ቃል እንደ ሐኪም ወረቀት ተቀብላ ወጣች። ኪሰንዪ ወርደን አንዲት የአገራችን ሴት ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተከልለን ገባን። ትምህርቴ ግማሽ ዓመት ተቋረጠ። ቄሱ ስለ ጾሙ ስግደት አዘዙባት። ሲነጋጋ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ እየሰማሁ፣ እንደተኛ ሰው ረዘም አድርጌ እተነፍስ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተነቃብኝም። በኋላ ሰዎች ለሠርግ፣ ለክርስትና እንድትሠራላቸው ፈልገው መጡ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም እያለች መለሰቻቸው። ናኪቩቦ አጠገብ ፀጉር ቤት ገብታ መጀመሪያ መጥረግ፣ በኋላ ሹሩባ መሥራት ያዘች። በዚያ ገቢ ወደ ካምዎክያ ተመልሰን የራሳችንን አንድ ክፍል ተከራየን። ቤት ውስጥ ለምስር ወጥ እንኳ ጨው በሻይ ማንኪያ ለክታ፣ ትርፉን በቢላዋ ጠርጋ ነው የምትጨምረው። ጎረቤቶቻችን ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ማንኪያ እያየሁ ምሳዬን በላሁ። እነ እትዬ ራሔል ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ሄዱ ሲባል ሰማሁ። በሄደችበት ሁሉ ይጥማት። ግን እሷ የወሰደችው ክፍልና ሥራ ነው። የእማዬን እጅ የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ሰኞ ወደ ነበርኩበት ልመለስ። ትሪው ኦቭኑ ውስጥ ነው፣ እማዬ ከሥራ ገባች፣ ሽታውን አፍንጫዋ ሲያገኘው በሩ ላይ ቆመች። ያወቀችው ይመስለኛል። ነጠላዋን ሰቀለች፣ ተቀመጠች። ጨዉን እንዴት አደረግሽው አለችኝ። ትንሽ ብቻ አልኳት። ጥሩ ነው፣ እኔ ያን ቀን አላስተዋልኩትም ነበር፣ ሶሴጅ ጨው እንዳለው እያወቅሁ እጄ አመለጠኝ አለች፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ጫማዋን እያወለቀች። ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም።

«እማዬ፣ ያን ቀን ጨው አልጎደለውም ነበር።»

ጫማዋን ይዛ ቀረች። «ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ለምን አላለችኝም። ለምን ብትለኝ የካርዱን ነገር ልነግራት አዘጋጅቼ ነበር፣ ትንሽ አለቅሳለሁ፣ ትንሽ ታለቅሳለች ብዬ። ጫማዋን መልሳ አደረገችና ወጣች። ስትመለስ ትሪው ቀዝቅዞ ነበር። ሳትቀምሰው ለጎረቤታችን ለናሉቤጋ ልጆች ሰጠችው፣ ልጆቹም በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እንግዲህ ጣፍጧል ማለት ነው፣ እኔም አልቀመስኩትም።

አምስቱን ቀን እንዳታዝኑልኝ፤ የተገባኝ ነው። ግን እናቴ ዝም ማለት እንዴት እንደምትችል ባያችሁ። ከእኔ በስተቀር ሁሉን ታነጋግራለች። ጠዋት ኦቭኑን ደህና አደርክ ወይ ትለዋለች። ውኃ ሲያልቅ እኔ አጠገቧ ቆሜ ናሉቤጋን ትጠራና በተሰባበረ ሉጋንዳ፣ ለዚያች ልጅ ጀሪካኑን ሙዪ በያት ትላለች። ናሉቤጋም ዞር ብላ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ እኔም በእንግሊዝኛ እሺ እላለሁ፣ ናሉቤጋ መልሳ እሺ ብላለች ትላታለች። ረቡዕ ላይ ናሉቤጋ በዚህ ሥራ ደመወዝ ትከፍሉኛላችሁ ወይ አለች። እኔ ሳቅሁ፣ እማዬ አልሳቀችም።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን አምጥታ ፊቴ ጣል አደረገችው። ብዕሩንም ከላዩ።

«መጻፍ ትወጃለሽ አይደል?» አለችኝ። ድምጿን ስሰማ ደንግጬ ተነሳሁ። «ጻፊው። አንዱንም ሳትቀንሺ፣ ራስሽንም ሳታሳምሪ ጻፊው፣ ስምሽንም አድርጊበት። ያነበበው ሰው ሁሉ ሐሙስ እንዲመጣ ጥሪልኝ። አበስላለሁ።»

ይህንን ቃል ከአፏ ከሰማሁ አምስት ዓመቴ ነው። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። ያንኑ ነዋ አለችኝ፣ በልኩ ሠርቼ እንዳልጨረስኩት ታውቂያለሽ። እኔስ ምን ላግዝ አልኳት፣ ልቀምስልሽ ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል።

«አንቺ ቆመሽ ውኃ ትቀጃለሽ» አለችኝ። «ሰው በልቶ እስኪነሳ አትቀመጪም። ማን ነች ብለው ቢጠይቁ፣ ያቺ ውሸታሟ ነች እላቸዋለሁ።»

ደግ አይደለም ብያችሁ ነበር። ግን እንዲህ ስትለኝ እጇ ሽንኩርቱን መቁጠር ጀምሮ ነበር፣ አሥራ ሁለት ራስ አይበቃም፣ ሂጂ ጨምሪ አለችኝ፣ እኔም ገበያ ድረስ እየሳቅሁ ወረድኩ።

እንግዲህ የእናቴን ግብዣ አደርሳለሁ። ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ካምዎክያ፣ ከገበያው ጀርባ ከሰል ሻጮቹ ጋ ስትደርሱ የእታገኝ ቤት ብላችሁ ጠይቁ። የሜሮን ቤት ካላችሁ እንዳያሳዩአችሁ ተነግሯቸዋል። ወንበር ስለሌለን በርጩማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ልጆችም ይምጡ፣ ርቧችሁ ኑ። ሐሙስ ጾም የለም፣ ሶሴጁም የበሬ ነው። ውኃ ሲያልቅባችሁ ብርጭቋችሁን ከፍ አድርጉልኝ፣ እመጣለሁ። ስለ ጨው ግን የሚጠየቀው እሷን ነው፣ እኔን እንዳትጠይቁኝ።

ሜሮን